የሚጠብቅ

ሰኞ

ባለቤቴ ይህን ደብተር እፊቴ አስቀመጠችና «ንዴትህን እዚህ ላይ ትፋው፤ እኛን አሳርፈን» አለች። እሺ፤ ልትፋ።

ዛሬ አማቼ ጋራዤ ድረስ መጣ። ይህ ሰው ለጠየቅከው ሁሉ መልሱ «ይቻላል» ነው። ጎማ የሌለው መኪና ዳገት ይወጣል ወይ ብትለው ጢሙን እያሻሸ «ይቻላል» ይልሃል። ስለዚህ በዚህ ደብተር ውስጥ ስሙ ይቻላል ነው። እንደ ዓይኔ ብሌን ያሳደግኳት ልጄ፣ ስትመርጥ ስትመርጥ ከርማ ያመጣችልኝ ይቻላልን ነው። እግዜር ይስጣት።

ይዞት የመጣውን መኪና ደግሞ አይተህ ጉድ በል። አሮጌ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ለድንጋይና ለአሸዋ የተሠራ መኪና ነው። ሲሠራ ደህና ነበር መሰለኝ፤ ከዚያ ይቻላል እጅ ገባ። ኋላው ላይ አንድ የብረት ሲሊንደር ተጋድሟል፤ የተጨመቀ ጋዝ የሚይዝ። የታሰረው በገመድ ነው። እኔ በዚያ ገመድ በግ እንኳ አላስርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም ደረቁ ሜዳ ላይ የውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩ ሰዎች ዘንድ ሥራ አግኝተዋል፤ እሱ ቆፋሪ፣ እሷ የሚወጣውን ውሃ መርማሪ። በዚያ መንገድ ቤንዚን የሚባል የለም፤ ያለው የጋዝ ማደያ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው በጋዝ መሄድ አለበት፣ ሲሊንደሩም በወጉ መገጠም አለበት፤ ያውም ዝናቡ ሳይገባ። ዝናብ ከገባ ሜዳው ጭቃ ይሆንና መንገዱ እስከ በጋ ይዘጋል፤ ሥራውም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ልጄ «ካንተ ሌላ ማንም እንዲነካው አልፈልግም አባዬ» ብላለች። እሷ ስላለች ነው እንጂ ለእሱማ እዚያው ገመዱ ላይ አንድ ቋጠሮ ጨምሬ እሸኘው ነበር።

ረቡዕ

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሉ የለ። ይቻላል ዛሬ ሊያስተምረኝ መጣ። ስልኩ ላይ አንድ ሰውዬ ሲሊንደር ሲገጥም የሚያሳይ ፊልም አለው፤ ሰውዬው ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መኪና የሚሠራ ሰው ካየህ፣ መኪናውን ይዘህ ሽሽ።

ሲሊንደሩ ከመኪናው ሆድ ሥር ይሁን አለ። የምትሄዱበት መንገድ ድንጋይ ነው ወይስ ምንጣፍ አልኩት። እንግዲያውስ ከወንበሩ ጀርባ ወለሉ ላይ በብሎን ይያዝ አለ። ወለሉ ላሜራ መሆኑን፣ ሲሊንደሩ የጎልማሳ ሰው ክብደት እንዳለው፣ ውስጡ ያለው ግፊት ከጎማ አየር ጋር የሚወዳደር እንዳልሆነ፣ መኪናው ጠጠር ላይ ሲንቀጠቀጥ ሲውል ላሜራው እንደ ወረቀት ሊቀደድ እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ሲሊንደሩ ዘሎ የሚያርፈው ፊት ከተቀመጡት ሰዎች ማጅራት ላይ እንደሆነ አስረዳሁት። መያዣው ወለሉን አልፎ ከሻንሲው፣ ከመኪናው አጥንት ጋር መታሰር አለበት አልኩት። «ገባኝ ጋሼ» አለ። ምን ገባው። እኔ ራሴ እየተናገርኩ ነው ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር የገባብኝ። ፊት ከሚቀመጡት ሁለት ማጅራቶች አንዱን አውቀዋለሁ፤ አዝዬው አድጓል።

ሐሙስ

መያዣው መጣ። ቀጭን ነው። መለስኩ።

ቅዳሜ

በያጁን ላስተዋውቅ፤ ለማን እንደማስተዋውቅ እንጃ። ወዳጄ ነው፤ ፀጉራችን የሸበተው አንድ ጣሪያ ሥር ነው። አለቃ እያለ የሚጠራኝ ሊያከብረኝ እንዳይመስልህ። ዛሬ ሁለተኛውን መያዣ ሠርቶ አመጣ። ወፍራም ነው፤ ደህና ነው። ግን ብረት ብረትን እንዳይፍቀው በመካከል ጎማ ይገባል፤ የገባው ጎማ ደረቅ ነው። መለስኩበት። «አለቃ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያንተ እንቁላል ግን ገና አልተጣለም» አለኝ። አንተ ብረትህን በይድ፣ ተረቱን ለልጆች ተውላቸው አልኩት።

ማክሰኞ

ብሎኑ አጭር። ብሎኑ ጫፍ ላይ የሚዞረው ዳዶ የተበላ። ወፍራም ብሎን ይምጣ አልኩ፤ ከሁሉም የወፈረው። ይቻላል ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ስልክ አያነሳም።

ሐሙስ

ጠዋት ደመና ነበር። ባለቤቴ «ደመና ስታይ ፊትህ ይፈታል» አለችኝ። ለገበሬው ብዬ ነው፣ ዝናብ ለሰብል ደግ ነው አልኳት። «ማሳህ በየት በኩል ነው?» አለች። ከሴት ጋር በጠዋት መከራከር ቀን ያበላሻል።

ጋራዥ ደግሞ ሌላ ጣጣ። መደርደሪያው ጀርባ ከዳዶ ሥር የሚገባ ሮንዴላ ስፈልግ በያጁ ለጎረቤታችን ለቀለም ቀቢው ሲያወራ ሰማሁት። «እሱ የሚያስረው ሲሊንደር መሰለህ እንዴ?» አለው። ቀቢው ሳቀ። ወሬኛ ሁላ። አንዱ የብረት ጭስ ሲምግ ይውላል፣ አንዱ የቀለም፤ ጭንቅላታቸው ምን ይቀረዋል ብለህ ነው። እኔ ለደህንነት ነው። ወጥቼ ለደህንነት ነው ልላቸው ነበር፤ ግን ማን ጠየቀኝ።

ዓርብ ማታ

ልጄ ከሥራ መልስ ጋራዥ መጣች፤ ብቻዋን። ይቻላልን ትታ መምጣቷ ራሱ ነገር እንዳለ ያስታውቃል። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ልጅ ሳለች እዚያው ነበር የምትቀመጠው፤ ገና ፊደል ሳትቆጥር አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ አቀብዪኝ ስላት ዓይኗን ጨፍና በእጇ ዳብሳ ታቀብለኝ ነበር።

ምን ቀረው አለችኝ። ነገርኳት። የሲሊንደሩ መዝጊያ መከለያ፣ የመያዣው ጎማ፣ ጋዙ ድንገት ቢያፈተልክ ከመኪናው ውጭ የሚያወጣው ቱቦ። አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ከዚያ ያልተጠየቅኩትንም ጨመርኩ፤ ስለ ጠጠር መንገድ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ብረት ድካም። እናቷ መሀል ላይ ታቋርጠኝ ነበር። እሷ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ከዚያ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ያላለቀው መኪናው ነው ወይስ አንተ?»

እኔማ አልቄያለሁ፣ ጉልበቴን አታዪውም ወይ ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። «ሲሊንደሩ ባይኖር ኖሮ በምን እንከን ታወጣ ነበር?» አለች።

አፌ እንዳመጣ ተናገርኩ። እዚያ ሜዳ ላይ ሐኪም የለም፣ ስልክ አይሠራም፣ ያ ሰውዬ ጎማ መቀየር እንኳ አያውቅም አልኩ። «ያውቃል፤ እኔ አስተምሬዋለሁ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ተነሳች፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ሄደች። ተቆጥታ ብትሄድ ይሻለኝ ነበር።

ምነው ዝም ባልኩ። ወይም ምነው ሌላውን ነገር በተናገርኩ። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ እዚህም ስጽፈው አይመጣልኝም። ያም ሆነ ይህ ስለ ቱቦው የተናገርኩት ልክ ነው።

እሑድ

ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። አመሻሹ ላይ ልብስ እያጣጠፈች፣ ወደ እኔ ሳትዞር «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች። ሆዴ የሚያውቀው ምኑን ነው አልኳት። «እኔም እናቷ ነኝ። እኔ ግን የማስረውና የምፈታው ብሎን የለኝም» አለች።

እሷ ደግሞ አንዳንዴ ቅኔ ይቃጣታል። ተነስቼ በሩን ፈተሽኩ፤ ተዘግቷል።

ማክሰኞ

በያጁ ሦስተኛውን መያዣ አመጣ። እንከን ፈለግሁ፤ አጣሁ። ብየዳው በክር የተሰመረ ይመስላል። ደስ አላለኝም፤ ጎበዝ ግን ብዬዋለሁ፤ እሱም ደንግጦ አየኝ።

ገጠምነው። ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጋዝ መስመር ካለቀ ሰንብቷል፤ ሲሊንደሩም አሁን ቦታውን ያዘ። የፊት ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አሰርኳቸው። የኋላዎቹን ሁለቱን በእጄ ብቻ አዙሬ ተውኳቸው፤ የማስወጫው ቱቦ በዚያ ስለሚያልፍ መጀመሪያ እሱ ይግባ ብዬ። መደርደሪያ ላይ ቱቦ አለ። ምንም አልሆነም፤ ግን አላማረኝም። ነገ ከተማው ማዶ ሄጄ የተሻለ እፈልጋለሁ። እንዳይረሳ የፊት መስታወቱ ላይ በጠመኔ ጻፍኩ፦ የሚጠብቅ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ይቻላል ደወለ። ነገ እንነጋገራለን አልኩት።

ረቡዕ

መኪናው የለም። ወሰዱት። የኋላ ብሎኖች በእጅ ብቻ ነው የዞሩት። ስልኳ አይሠራም። ልከተላቸው ነው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ምን ሆንክ?» ትላለች፤ ምን ልበላት።

ሐሙስ

ነፍሴ ተመልሳለች። እንግዲህ በሥርዓቱ ልጻፍ።

ትናንት ቱቦውን ይዤ ስመለስ ቦታው ባዶ ነበር። በያጁ ምሳውን እየበላ ነው። ልጆቹ መጥተው እንደወሰዱት፣ ዝናቡ ሳይቀድማቸው ለመውጣት እንደቸኮሉ፣ ሊሰናበቱኝ ደጋግመው ደውለው እንዳላነሳሁ ነገረኝ። እኔ ሳልል ማን ስጥ አለህ አልኩት።

«መስታወቱ ላይ የሚጠብቅ ይላል» አለ። «ባለቤቱን የሚጠብቅ ነዋ። አልቋል ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው።»

ክው አልኩ። እኛ ጋራዥ የቀረ ሥራ መስታወት ላይ ይጻፋል፤ የሚበየድ፣ የሚቀባ፣ የሚጠብቅ። አልቆ የቆመም መኪና አንዳንዴ ይጻፍበታል፤ እሱም የሚጠብቅ ነው። ለብሎን ሲሆን «ብ» ላልታ ትነበባለች፤ ሰው ለሚጠብቅ ሲሆን ትጠብቃለች። አፍ ይለያቸዋል እንጂ ጠመኔ አይለያቸውም። ያ ደንቆሮ ፊደሏን አጠበቃት፣ ብሎኑ ላልቶ ሄደ።

ስነግረው ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ አብሬህ ልምጣ አለ። አንተ እዚሁ ሆነህ ማንበብ ተማር አልኩትና የጋራዡን የጭነት መኪና ቁልፍ ከእጁ ነጠቅኩት።

አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር መሪው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያንዳንዱ ንቅናቄ ያንን ዳዶ ትንሽ ትንሽ ሲፈታው ይታየኝ ነበር። መንገድ ዳር ጥቁር ነገር ባየሁ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ፤ ስደርስ የጎማ ቁራጭ ይሆናል፣ የድንጋይ ጥላ ይሆናል። ይቻላልን ረገምኩ። በያጁን ረገምኩ። ባለ ነጭ ሸሚዙንም አልማርኩትም። የሚረገም ሲያልቅብኝ ዝም ብዬ ነዳሁ። «ብሎኑ» የምትል አንዲት ቃል ብጨምር እጄ ይቆረጥ ነበር? ደግሞም የጻፍኩት ለብሎኑ ነው። እምላለሁ፣ ለብሎኑ ነው።

ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ስትል አየኋቸው። መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል። ሁለቱም ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም። የጭነት መኪናውን ሞተር ሳላጠፋ ነው የወረድኩት።

ልጄ የሆነውን ነገረችኝ። ከኋላ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ሰሙ፤ ቆሙ፤ እሷ የሲሊንደሩን መዝጊያ ዘጋች። ማደያው ቅርብ ነው፣ በሲሊንደሩ ባንጠቀምም በቀረን ቤንዚን ቀስ ብለን እንድረስ ያለችው እሷ ናት። እንቢ ያለው ይቻላል ነው። «አይቻልም አለኝ አባዬ» አለች፤ እየሳቀች። ከዚያ ወዲህ መኪናው አጠገብ እንዳትደርስ ከልክሏት የሚያልፍ ሰው እዚያው ጠበቁ። ደህና አድርጓል። ይኸው ጻፍኩለት፤ ይበቃዋል።

ይበቃዋል ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ሰውዬው ሁለት ፋኖስ፣ አካፋ፣ የሚታጠፍ ወንበርና ካርታ ይዟል፤ ለዚያ ብሎን የሚሆን መፍቻ ግን የለውም። የልጄ መፍቻዎችም ለዚያ ብሎን ይጠባሉ፤ ከሁሉም የወፈረው ይምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም አልተውኳትም። ከመነሳትሽ በፊት ብሎን አይፈተሽም ወይ፣ ይህን ነው ያስተማርኩሽ አልኳት።

«ያንተ እጅ የነካውን ምን ብዬ ልፈትሽ?» አለች።

መፍቻዬን ይዤ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ሌላ የምገባበት አልነበረኝም።

አንዱ ዳዶ ወድቋል። ሌላው በመጨረሻው ጥርስ ላይ ተንጠልጥሏል። ሲሊንደሩ ትንሽ ተንሸራቷል፤ በእጄ ዳሰስኩት፣ በመብራት አየሁት፣ ጭረት የለውም። መያዣው ደህና ነው። በጀርባዬ ተኝቼ ያን መያዣ ሳየው አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ተሰንጥቋል፣ ተመለሱ ብል ማን ገብቶ ያያል? አንዲት ቃል ናት። ሰማዩ ጥቁር ነው፤ ነገ ይዘንባል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ማንም ክፉ ነው አይለኝም። እንዲያውም ከሞት አተረፈን ይላሉ። ቃሏ ምላሴ ላይ ተቀምጣ ነበር።

እነሱ ከላይ ይንሾካሾኩ ነበር። የሰው ወሬ ማዳመጥ ልማዴ አይደለም።

አዲስ ዳዶ አገባሁ። አሰርኩት። በላዩ ሌላ ደረብኩበት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ቱቦውን አሳልፌ አፉን ወደ ውጭ አወጣሁት። መዝጊያውን ከፍቼ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀባሁ፤ ቢያፈተልክ አረፋ ይወጣል። አረፋ የለም። እንደገና ቀባሁ። የለም። ትንሽ ቆይቼ፣ አረፋ የለመንኩ ይመስል ትክ ብዬ አየሁ። ምንም።

ስወጣ ልጄ የጀርባዬን አቧራ አራገፈችልኝ። «እሺ አባዬ?» አለች። ይቻላልም ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘግቶ ያየኛል። ተረከዜ ሥር ያለውን ጠጠር ገፋሁ።

«ሂዱ» አልኩ። «ዝናቡ ሳይቀድማችሁ።»

መፍቻውን ለይቻላል ሰጠሁት። እዚያ እንደደረስክ እንደገና እሰረው፣ ከዚያም እየደጋገምክ እየው አልኩት። «እሺ አባቴ» አለ። ጋሼ ነበር የሚለኝ። አላረምኩትም፤ ጊዜ አልነበረም። መሪውን የያዘችው ልጄ ናት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቁጭ ብላ ነበር። ደህና ናቸው አልኳት። ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ከዚያ ውሃ አሞቀችልኝና እግሬን ታጠብኩ።

ቅዳሜ

ዓርብን ሙሉ ዘነበ፤ ዛሬም አላባራም። በያጁ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አንጠበጠበ። ይቅር በለኝ አለ። ለዚህ ሁሉ ዝናብ አንተ ነህ ተጠያቂው አልኩትና አስገባሁት። ስለ ጠመኔው ሌላ አላነሳንም። ከእንግዲህ ግን እኛ ጋራዥ ጠመኔ የሚይዝ ሰው ሁለት ቃል ይጽፋል ብያለሁ፤ እኔንም ጨምሮ።

ከእሱ በኋላ ልጄ ደወለች። ስልክ አይሠራም ባልኩት ቦታ ስልክ አለ፤ ይኸው ይህም ይጻፍ። ዓርብ ማለዳ ደርሰዋል። ከእነሱ ኋላ የተነሳ መኪና ጭቃው ይዞት ሰዎቹ በእግራቸው ተመለሱ አለች። መንገዱ ተዘግቷል፤ እስከ በጋ። ይቻላል ብሎኖቹን እንደገና አስሯል፤ ቆማ አይታዋለች። ባለቤቴ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር ለጥፋ ታዳምጥ ነበር። ደግ ነው፣ ደግ ነው አልኩ።



«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «አንተ ከመኪናው ሥር ሳለህ ተነጋግረን ነበር። አባዬ ተመለሱ ካለ፣ ለምን ሳንል እንመለስ ተባብለን ነበር።»

«ሰምቼ ነበር» አልኳት።